ጠጉር አልባ ውሾችና የተሰወረው የጠጉር ጂን

የሥነ ሕይወትን ትምህርት የጀመርን ሁሉ የሜንዴልን አተር እናስታውሳለን። ሜንዴል በ1866 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው ጥናት የጣለው መሠረት ዛሬ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ልጅ ለአንድ ጠባይ አንድ ጂን ከአባቱ፥ አንድ ጂን ከእናቱ ይወርሳል። ከሁለቱ ብቻውን ሆኖ ሥራውን የሚያሳየውን ገዥ፥ ሁለት ሆኖ ካልተገናኘ በቀር የማይታየውን ስውር እንለዋለን። ሁለቱንም ጂኖች የያዙ ወላጆች ሲገናኙ 3 ለ1 የሚለው ሒሳብ የሚወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። አሁን ይህ ሒሳብ የተዛባ የሚመስልበትን ጉዳይ እንመርምር።

የሜክሲኮው ሾሎ፥ የፔሩ ጠጉር አልባ ውሻና ቻይና ክሬስትድ የሚባለው ውሻ ገላቸው የተራቆተ ነው። ጠጉር የሚያሳጣውን ጂን «ሀ»፥ ጠጉር የሚያበቅለውን «ለ» ብለን እንሰይም። በእነዚህ ውሾች ገዥው ሀ ነው፤ አንድ ሀ ብቻ ገላን ያራቁታል። ሁለት ሀ የደረሰው ፅንስ ግን ሳይወለድ በማኅፀን ይሞታል። እንግዲህ በሕይወት ያለው ራቁት ውሻ ሁሉ ሀለ ነው፤ የጠጉር ጂን በውስጡ ተሰውሮ ይኖራል ማለት ነው።

የነገሩ ምክንያት በ2008 ታውቋል። ተመራማሪዎች በሦስቱም ዘሮች ፎክስአይ3 በሚባለው ጂን ውስጥ 7 የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ተደግመው አገኙ። ይህ ጂን በጠጉርም በጥርስም አበቃቀል ውስጥ ስለሚገባ፥ ራቁቶቹ ውሾች አብዛኛውን ጊዜ ጥርሳቸው የጎደለ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ሁለት ራቁት ውሾች ተገናኝተው 12 ፅንስ ቢገኝ፥ በአማካይ 3ቱ ሀሀ ሆነው ይሞታሉ፤ 6ቱ ራቁት፥ 3ቱ ባለጠጉር ሆነው ይወለዳሉ። ስለዚህ በዓይናችን የምናየው 3 ለ1 ሳይሆን 2 ለ1 ነው። ራቁቱ ከባለጠጉሩ ጋራ ቢገናኝስ? ከ12ቱ 6ቱ ራቁት፥ 6ቱ ባለጠጉር ይሆናሉ፤ በዚህ ጂን ምክንያት የሚሞት የለም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የራቁት ቡችሎች ቁጥር በሁለቱም መንገድ 6 ነው! ራቁትን ከራቁት ማገናኘት የሚጨምረው ሞትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለጠጉሩን ቡችላ «ዘር አበላሽ» ብሎ የሚያስወግድ አርቢ ድካሙ ከንቱ ነው። የቀሩት ራቁቶች ሁሉ ለን ስለሚሸከሙ፥ መቶ ትውልድ ቢመርጥም ንጹሕ ራቁት ዘር አያገኝም። ባለጠጉሩ ግን ለለ ነው፤ ከመሰሉ ጋራ ሲገናኝ ባለጠጉር ብቻ ይወልዳል፤ ከራቁቱ ጋራ ሲገናኝ ደግሞ ፅንሱን ከሞት ያድናል። በቻይና ክሬስትድ ዘንድ ባለጠጉሩ «ፓውደርፓፍ» ተብሎ የዘሩ አንድ ክፍል መሆኑ የታወቀለት ነው።

ይሁን እንጂ ራቁት ውሻ ባየን ቁጥር በዚህ ሕግ መፍረድ አይገባንም። በ1972 በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት ከባለጠጉር ራት ቴሪየሮች አንዲት ራቁት ቡችላ ተወለደች፤ የአሜሪካ ጠጉር አልባ ቴሪየር የተገኘው ከእርስዋ ነው። በዚህ ዘር የተሰወረው ጠጉር ሳይሆን ራቁትነት ነው። ምክንያቱም ኤስጂኬ3 በሚባለው ሌላ ጂን ውስጥ የ4 ፊደላት መጉደል መሆኑ በ2017 ተገለጠ። እዚህ ሁለት ራቁቶች ሲገናኙ ልጆቻቸው ሁሉ ራቁት ይሆናሉ፤ ጂኑን የተሸከሙ ሁለት ባለጠጉሮች ሲገናኙ ደግሞ የጥንቱ 3 ለ1 ይመጣል። ጥርሳቸውም የተሟላ ነው።

መልክ አንድ ሲሆን ውርሱ ተቃራኒ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ስለሆነም ገዥና ስውር የሚሉትን ቃላት ከመጻፋችን በፊት የወላጆቹን ገላ ብቻ ሳይሆን፥ የተወለዱትንም ሳይወለዱ የቀሩትንም እንቍጠር።