መጸዳጃ ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድና የግጦሽ መሬት

መግቢያ

የእርሻ ምርምር ተቋም ስለ መጸዳጃ ቤት መጻፉ አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ጉዳዩ የጤና ሠራተኞች ነው የሚባለው እውነትነቱ በከፊል ብቻ ነው። ከሰው የሚወጣው ዓይነ ምድር የሚያርፈው በአፈር ላይ ሲሆን፣ አፈሩ ደግሞ የገበሬው ነው። ከአፈሩ በጎርፍ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ በእንስራ ወደ ቤት ይገባል። በሣሩም ላይ ተጣብቆ ወደ በሬው ሆድ፣ ከበሬውም ሥጋ ተመልሶ ወደ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የመጸዳጃ ጉድጓድን ቦታ፣ ጥልቀትና አያያዝ ማወቅ ከእርሻና ከከብት እርባታ ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ገጠር የሚኖር ቤተሰብ በራሱ ጉልበትና በአካባቢው ቁሳቁስ ሊሠራው የሚችለውን መጸዳጃ ማስረዳትና ጉዳዩን የሚመለከቱትን ደንቦች በአጭሩ መግለጽ ነው።

1. ኮሶና የከብት ግጦሽ

የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ጠፍጣፋ ትል ነው። ከጫፉ እየተቆረጡ የሚወጡት ክፍሎች በእያንዳንዳቸው በአሥር ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይይዛሉ። ሰውየው በሜዳ ወይም በአጥር ጥግ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል፤ እርጥበት ባለበት ቦታም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ከብት ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጭሉ በደም ተጉዞ በጡንቻ፣ በልብና በምላስ ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ የውሃ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ብሎ በክትፎ ሲበላ ከረጢቱ በሰው አንጀት ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ወር ሙሉ ትል ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከብት ከከብት ኮሶ አይያዝም፤ በሽታውን ለከብቱ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው። በቄራ ምርመራ ሥጋው በከረጢት ተሞልቶ የተገኘ በሬ ሙሉ በሙሉ ሊወገድ ይችላል። ለገበሬው ይህ የዓመታት ቀለብና ድካም ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ኮሶ የሚሻር ሰው መድኃኒቱን በጠጣበት ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ብዙ እንቁላል ያወጣል። የዛፉን አበባ ጠጥቶ በአጥር ሥር የሚጸዳዳ ሰው ራሱን ቢያድንም ግጦሹን ይበክላል። ስለሆነም የመድኃኒት ቀን ከመጸዳጃ ቤት መራቅ አይገባም። የአበባው መጠን ለማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነም በጤና ጣቢያ የሚታዘዘውን መድኃኒት መውሰድ ይመረጣል።

2. የቦታ አመራረጥ

መጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። ይህም በአዋቂ እርምጃ 40 ያህል ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መጸዳጃው ከውሃው በታች በኩል መሆን ይኖርበታል። አፈሩ ጠጠርና ስንጥቅ ድንጋይ የበዛበት ከሆነ 30 ሜትር አይበቃም፤ ፍሳሹ በስንጥቁ ሳይጣራ በፍጥነት ስለሚጓዝ ርቀቱን መጨመር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጎረቤት ጉድጓድ ነው። አንድ ሰው ከራሱ ውሃ 30 ሜትር ሲርቅ ከጎረቤቱ ውሃ 10 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በጠባብ ይዞታ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ከመቆፈራቸው በፊት በሽማግሌ ፊት ተነጋግረው ውሃው በየትኛው ወገን፣ መጸዳጃውም በየትኛው ወገን እንደሚሆን ቢስማሙ ከበሽታም ከጠብም ይድናሉ።

3. የአፈሩ ዓይነትና የከርሰ ምድር ውሃ

ቀይ አፈር ለቁፋሮ ምቹ ነው፤ ግድግዳው አይናድም፣ ፈሳሹንም ቀስ እያለ ያሰርገዋል። ጥቁር የኮትቻ አፈር ግን በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። በዚህ አፈር የተቆፈረ ጉድጓድ ያለ ድጋፍ ሁለት ክረምት ይቆያል ብሎ ማመን አይቻልም። ስለዚህ ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በድንጋይ መደገፍ አለበት። የታችኛው ድንጋይ ፈሳሹ እንዲያልፍ ያለ ጭቃ ይደረደራል፤ የላይኛው ግማሽ ሜትር ግን በሲሚንቶ ወይም በደንብ በተቦካ ጭቃ ይያያዛል። አሸዋማ አፈርም እንዲሁ ድጋፍ ይፈልጋል።

ቁፋሮ የሚመቸው በበጋ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። ሆኖም ጥልቀቱ የሚወሰነው በበጋው ሳይሆን በክረምቱ ውሃ ነው። በየካቲት ደረቅ ሆኖ የታየ ጉድጓድ በነሐሴ ከታች ውሃ ሊያፈልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቆሻሻው ከመጠጥ ውሃው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ስለሆነም በአካባቢው ባለ የውሃ ጉድጓድ በነሐሴና በመስከረም ውሃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል መለካት ያስፈልጋል። የመጸዳጃው ወለል ከዚያ ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር በላይ መቅረት አለበት። ለምሳሌ መሬቱ እኩል ሆኖ በመስከረም ውሃው ከአፉ 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ መጸዳጃው ከ2 ሜትር በላይ አይቆፈርም።

4. ስፋትና የአገልግሎት ዘመን

በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው በዓመት የሚያጠራቅመው ዝቃጭ 0.06 ሜትር ኩብ ያህል ነው ተብሎ ይሰላል። ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዓመት 0.36 ሜትር ኩብ ያጠራቅማል ማለት ነው። ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ 3 ሜትር ቢቆፈርና የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ቢተው፣ 2 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ይህም ከ5 ዓመት በላይ ያገለግላል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ብቻ ከሆነ አገልግሎቱ 3 ዓመት ያህል ይሆናል። ድንጋይ፣ ጨርቅና የቤት ጥራጊ ከተጣለበት ግን ዘመኑ ያጥራል።

5. አሠራርና አያያዝ

ሀ/ የባሕር ዛፍ ርብራብ በምስጥ ስለሚበላ በየዓመቱ መመርመር አለበት። የተበላ ርብራብ ሰው ይዞ ሊወድቅ ይችላልና አቅም ያለው በሲሚንቶ የተሠራ ጠፍጣፋ ቢያደርግ ይመረጣል።
ለ/ ቀዳዳው ለሕፃን የማያሰጋ ጠባብ ይሁን፤ እጀታ ያለው ክዳንም ይኑረው። ክዳን የሌለው ጉድጓድ የዝንብ መፈልፈያ ነው።
ሐ/ ዙሪያው ከመሬት ከፍ ይበል፤ በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርለት።
መ/ ከተጠቀሙ በኋላ አመድ መነስነስ ሽታውንና ዝንቡን ይቀንሳል።
ሠ/ በአጠገቡ ውሃና ሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም አመድ ይቀመጥ።
ረ/ በማሳ፣ በደቦና በጥበቃ ላይ የሚውል ሰው ዶማ ይዞ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ ይቅበር።

6. ጉድጓዱ ሲሞላ

ግማሽ ሜትር ሲቀረው አፈር ይሞላበትና ሌላ ይቆፈራል። በላዩ ላይ ዛፍ ሊተከልበት ይችላል። ዝቃጩን ለማዳበሪያ ማውጣት የሚፈልግ ገበሬ ከተዘጋ ከሁለት ዓመት በፊት መክፈት የለበትም፤ የወስፋት እንቁላል በቶሎ የሚሞት አይደለም። ከዚያ በኋላም ለዛፍ ተክል እንጂ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሁን።

7. የቧንቧ ውሃ የገባላቸው ቤቶች

በገጠር ከተሞች በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ እየበዛ ነው። እነዚህ ቤቶች ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልጋቸዋል። ታንኩ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ፈሳሹን ንጹሕ አያደርግም፤ ፈሳሹ በአፈር ውስጥ ሊሰርግ እንጂ ወደ መንገድ ቦይ ሊለቀቅ አይገባም። አፈሩ መቻሉን ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ሌሊቱን በውሃ ማራስ፣ በማግስቱም እንደገና ሞልቶ መመልከት ነው። ውሃው በአንድ ሰዓት 2.5 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ቦታው ለማስረጊያ አይሆንም። አብዛኛው የኮትቻ አፈር ከዚህ ወገን ነው።

8. ደንቡ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የመጠጥ ውሃንና የግጦሽ መሬትን ሆን ብሎ መበከልን በወንጀል ያስቀጣል።

በቀበሌ ደረጃ ግን ሥራውን የሚመሩት በአብዛኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተስፋፋው በዚህ ፕሮግራም እያንዳንዱ ቤተሰብ መጸዳጃ እንዲኖረው ይመከራል፤ ሁሉም ቤት ሠርቶ ሲጠቀምም ቀበሌው በሜዳ ከመጸዳዳት ነጻ መሆኑ ይታወጃል። ነገር ግን መጸዳጃን በቁጥር ብቻ መመዝገብ አይበቃም። ከምንጩ አፋፍ ላይ የተቆፈረ መጸዳጃም በቁጥር አንድ ነውና። ስለዚህ ነዋሪው በራሱ ስብሰባ በሚያወጣው የመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የ30 ሜትሩ ርቀት፣ የክረምቱ ውሃ ልኬትና የክዳን ግዴታ ቢጻፍ ጠቃሚ ይሆናል። አዲስ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍርም ከነባር መጸዳጃዎች ተመሳሳይ ርቀት መጠበቅ አለበት።

ማጠቃለያ

ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት ሦስት ነገር ይለኩ፦ ከውሃ ያለውን ርቀት፣ የክረምቱን ውሃ ከፍታና የአፈሩን ጽናት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገመድ፣ አንድ ዶማና የአንድ ክረምት ትዕግሥት ነው። የጸና ጉድጓድ የሚጠብቀው ልጆችዎን ብቻ ሳይሆን በሬዎንና የጎረቤትዎን እንስራ ጭምር ነው። በአካባቢዎ ያለውን አፈር ለመለየት የሚቸገሩ ከሆነ የቀበሌዎን የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ስለ በሽታው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያማክሩ።