ስለ ብስክሌት አነዳድ፤ ይልቁንም ስለ ቍልቍለት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ማናቸውንም መሣሪያ ከመያዝ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይገባል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከእርካቡ ይልቅ ልጓሙን ይመረምራል፤ ስለ ምን ቢባል፥ በቅሎዋ መሄዱን ያለ እርሱ ታውቀዋለች፤ የምትቆመው ግን በልጓሙ ነው። የብስክሌትም ልጓም ፍሬኑ ነው። ነገር ግን ብስክሌት ከሚለማመዱት ልጆች ብዙዎቹ መሮጥን እንጂ መቆምን አይማሩም። ስለዚህ በዕረፍት ቀን በብስክሌት መንሸራሸርን ለሚወዱ ሁሉ፥ እነርሱንም ለሚመክሩ መምህራንና ሽማግሎች፥ የሚከተለው ትምህርት ይጠቅማል።

የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ቦኖሻ በሐድያ ምድር ዝቅ ባለው ወገን ይገኛል። የቦዮ ሐይቅ በዚሁ ወረዳ ነው፤ የብላቴም ወንዝ በዚያ አገር አልፎ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። በዙሪያው ያለው ሜዳ ለጀማሪ እጅግ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለችና፥ ከቦኖሻ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ዳገት ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ቍልቍለት ይወርዳል። በሜዳ ተሰውሮ የነበረ የፍሬን ጕድለት የሚገለጠው በዚህ መመለሻ ነው።

ብስክሌት ዛሬ ያለውን መልክ ያገኘው ጥቂት በጥቂት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት መንኮራኩር ያለው መሣሪያ ሠርቶ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይነዳው ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ መንኮራኩሮቹ በቁመት የተቀራረቡና የኋላው በሰንሰለት የሚዞር ብስክሌት አወጣ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ የሚነፋውን ጎማ በቤልፋስት ከተማ ሠራ። ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ብስክሌት ነጂዎችን ልካ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ አገር በሚደረገው በታላቁ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንዲህ ያሉት በፍጥነት የታወቁ ሰዎች እንኳ ወደ መታጠፊያ ሲደርሱ አስቀድመው ፍሬን ይይዛሉ። ከእነርሱ ያነሰ ልምድ ያለው ልጅማ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

አንደኛ፤ ከመነሣት በፊት ስለሚደረግ ምርመራ። ነጂው በኮርቻው ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ እንደ ሆነ የኮርቻው ከፍታ ትክክል ነው። ከዚህ ካነሰ ጕልበቱን ያሳምመዋል፤ ከበለጠም መሬት መርገጥ ያቅተዋል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ንፋሱን ይመርምር። ከዚያ በኋላ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን በየተራ ይዞ ብስክሌቱን ይግፋው፤ በየተራው የተያዘው መንኮራኩር ካልቆመ ጕዞው ይቅር። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን የሚነካ ከሆነ ሳይለወጥ አይነዳም። ሰንሰለቱ በጨርቅ ተጠርጎ ጥቂት ዘይት ይቀባ፤ ዘይቱ ቢበዛ ግን አቧራ ይይዛል። በቸርኬውና በፍሬኑ ላስቲክ ላይ ከቶ ዘይት አይንጠብ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዳገት። ነጂው ኃይሉን በመጀመሪያው አቀበት አይጨርስ፤ ትንፋሹ እንዲመጠን ቀስ ብሎ ይውጣ። ብርቱ ዳገት ሲያጋጥመው ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ውሃ ይያዝ፤ እስኪጠማውም ሳይቈይ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ።

ሦስተኛ፤ ስለ ቍልቍለት። ይህ የትምህርቱ ዋና ነው። የብስክሌት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ4 ሜትር ይቆም የነበረ ልጅ ፍጥነቱን በእጥፍ ቢጨምር 16 ሜትር ያስፈልገዋል። በዚህም ላይ ዓይኑ አይቶ እጁ እስኪታዘዝ ድረስ የሚያልፈው መንገድ ይጨመራል። ስለዚህ ፍጥነት ከመብዛቱ በፊት መግታት እንጂ ከበዛ በኋላ መታገል አይገባም።

ፍሬን ሲያዝ የነጂው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ የፊቱ ፍሬን ከኋላው ይልቅ ኃይል አለው፤ ነገር ግን በድንገት ቢጨበጥ ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥለዋል። በጠጠርና በጭቃ ላይም የፊተኛው መንኮራኩር ቢያዝ ወዲያው ይንሸራተታል። እንግዲህ ሁለቱን ፍሬኖች በአንድነት፥ በለስላሳ እጅ፥ ገና መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ ይዞ፥ ወደ መታጠፊያው ሲገባ ላላ ማድረግ ይገባል። በሚወርድበትም ጊዜ ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥቂት ሳብ ያድርግ። ቍልቍለቱ ረጅም ሲሆን ሳያቋርጡ ፍሬን መያዝ ቸርኬውን ያግላል፤ ቸርኬው እጅግ ቢግል ጎማው ሊፈነዳ ይችላልና በየመካከሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይበጃል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ቸርኬው እርጥብ ስለሚሆን ፍሬኑ ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ከወትሮው አርቆ መጀመር ያስፈልጋል።

በአንዳንድ ከተማ ልጆች ብስክሌት በሰዓት ይከራያሉ። ከነዚህም መካከል ፍሬናቸው ያለቀ አይታጡም፤ ልጆቹም ጫማቸውን በጎማው ላይ ጭነው ማቆምን ይለምዳሉ። ይህ በሜዳ የሚበቃ ይመስላል፤ በቍልቍለት ግን ፍጥነቱን ለመግታት ኃይል ያንሰዋል፤ እግሩም በመንኮራኩሩ ሽቦዎች መካከል ቢገባ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ልማድ ያየ ሽማግሌ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

አራተኛ፤ በመንገድ ላይ ስላለው ሥርዓት። ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ በፊቱ የሚሄድ ሰው መምጣቱን አይሰማም። በገበያ ቀን ሸክም የተሸከመች እናት፥ ጭነት የያዘች አህያ፥ ጋሪና ሕፃን በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። ነጂው ቀኙን ይዞ፥ ከሩቅ ደወሉን አሰምቶ፥ ፍጥነቱን ቀንሶ ይለፍ፤ እንስሳትንም አያስደንብር። አበው በጸሎት ቤት ደጅና በለቅሶ ሰዎች ፊት ከበቅሎ እንደሚወርዱ፥ እርሱም ከብስክሌቱ ይውረድ። በጨለማ ያለ መብራት አይሂድ። ሄልሜት የሚባለውን ጠንካራ ቆብ ያገኘ ሰው ሳያደርግ አይነሣ፤ የተሰበረ እጅ በወጌሻም በሐኪምም ይጠገናል፤ ራስ ግን ከተመታ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

አምስተኛ፤ ስለ እሾህ። በግራር አገር ጎማ መበሳቱ አይቀርም። የውስጡን ጎማ አውጥቶ፥ ነፍቶ፥ በውሃ ውስጥ ሲያዞሩት አረፋ የሚያወጣው ስፍራ የተበሳው ነው። ያን ስፍራ አድርቆና በሸካራ ነገር ፈግፍጎ ማስቲሽ መቀባት፥ ማስቲሹም ጠፈፍ እስኪል ታግሦ መለጠፊያውን መጫን ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የውጭውን ጎማ በውስጥ በኩል በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። እሾሁ በዚያ ተሰክቶ ከቀረ አዲሱን ጥገና መልሶ ይበሳዋል።

መምህሩ ይህን በቃል ብቻ አያስተምር። በሜዳ ላይ በኖራ መስመር ያስምር፤ ልጁም ሳይንሸራተት ሦስት ጊዜ በተከታታይ በመስመሩ ላይ እስኪቆም ድረስ ወደ ቍልቍለት አይፈቀድለት። ወላጆችና ሽማግሎችም ልጁን ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ሳይሆን እንዴት እንደ ወረደ ይጠይቁት፤ ልጅ የሚመሰገንበትን ነገር ይከተላልና።

ጥያቄ።

፩ኛ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ ስንት እጥፍ ይሆናል?

፪ኛ፤ የፊቱን ፍሬን ለብቻው በድንገት መጨበጥ ስለ ምን ያሠጋል?

፫ኛ፤ ከመንደራችሁ በሚወጡት መንገዶች ላይ ብስክሌት ነጂ አስቀድሞ ፍሬን መያዝ የሚገባው በየትኞቹ ስፍራዎች ነው? ሄዳችሁ ተመልክታችሁ ጻፉ።