ሕመሙ የጠፋለት ጥርስ

ከመካከላችን አንዱ ከ6 ዓመት በፊት የመንጋጋ ጥርሱን ነርቭ አስወጥቶ አስሞልቶ ነበር። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። ሐኪሙ «ተመልሰህ ሽፋን ታስደርጋለህ» ቢለውም፣ የማያመውን ጥርስ ማን ያስታውሳል? በዚያው ቀረ። ዘንድሮ ግን ድዱ ላይ መግል የቋጠረች ብጉር መሰል እብጠት ወጣችበት፤ እምብዛም አታመውም። ነርቩ የወጣ ጥርስ ደግሞ በምን ይታመማል? ብለን ጠያየቅን።

እንደሚታወቀው በጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭና ደም ሥር የሚያልፍበት ቀጭን ቦይ አለ። ሐኪሙ የተበላሸውን ጠርጎ ያወጣል፤ ቦዩን በበረኪና ዓይነት ፈሳሽ ያጥብና ጉታ ፐርቻ በተባለ ከዛፍ በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ይደፍነዋል። ዋናው ጠላት ጀርም ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ካኬሃሺ የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ባሳተመው ጥናት የአይጦች ጥርስ እስከ ነርቩ ተከፍቶ ተተወ። ያለ ጀርም ያደጉት አይጦች ቁስሉን በራሳቸው ሲደፍኑ የሌሎቹ ጥርስ መገለ።

ታዲያ ጀርሙ ከዓመታት በኋላ ከየት ይመጣል? አንዳንዱ ከመጀመሪያውም አልወጣም። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙ ጊዜ 4 ቦይ አለው፤ አራተኛው እጅግ ስለሚቀጥን ሳይታይ ይታለፋል። ኢንተሮኮከስ ፊካሊስ የሚባለው ጀርም ደግሞ ምግብ አጥቶም ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይቆያል። ሌላው ከላይ ይገባል። መሙያው ሲሸራረፍ ምራቅ ሰርጎ ይወርዳል፤ ጉታ ፐርቻው ብቻውን አያግደውም። የተቦረቦረ መንጋጋ ሽፋን ከሌለው ቆሎ ሲቆረጠም ሊሰነጠቅ ይችላል። እኛ የሚቆጨን ይኸኛው ነው፤ ጥንቃቄው በእጃችን ነበርና።

የሚያታልለው ዝምታው ነው። ነርቭ የሌለው ጥርስ ቀዝቃዛ ውኃ አያመውም፤ በሥሩ ዙሪያ ያለው አጥንት ግን ቀስ በቀስ ይበላል። ይህን የሚያሳየው ራጅ ነው። ስለዚህ ሕመም ባይኖርም ከዓመት በኋላ ራጅ መነሣት ይገባል። በርግጥ በደንብ ታክሞ የተሸፈነ ጥርስ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የመረቀዘውም ቢሆን ቦዩ እንደገና ተከፍቶ ሊጸዳ፣ ወይም ድዱ ተከፍቶ የሥሩ ጫፍ ሊቆረጥ ይችላል። ሥሩ ድረስ ከተሰነጠቀ ግን መንቀል ነው።

የወንድማችን ጥርስ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ተገኘ። ባለፈው ሐሙስ ተነቀለ፤ እስካሁን በግራ በኩል ብቻ ያኝካል።