የጥናት ጥያቄና ባለቤቱ

የዩኒቨርሲቲ መምህር ዲግሪ ከያዘ በኋላም ስለ ራሱ አሠራር ይማራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ለዚሁ የታሰበ ነበር። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ተቋማት መምህራን ከሥራቸው ሳይለዩ ሠልጥነውበታል፤ በገዛ ክፍላቸውም ተግባራዊ ምርምር አካሂደዋል።

ምርምሩ ከጥያቄ ይነሣል። «ተማሪዎቼ አይሳተፉም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ «ተማሪዎቼ» ነው፤ ይህም ወቀሳ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ተማሪዎቼን በምን ዘዴ ላሳትፍ?» ሲባል ግን «ተማሪዎቼን» ተሳቢ ሆነ፤ ባለቤቱም «እኔ» ነው፤ ባይጻፍም «ላሳትፍ» በሚለው ግሥ ውስጥ ይገኛል። መምህሩ ሊፈትነውና ሊያሻሽለው የሚችለው የራሱን ዘዴ ነውና ጥናቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መልመጃ፦ በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ንግግር ታደርጋላችሁ እንበል። «ከኋላ የተቀመጡት አያዳምጡም» የሚለውን፣ ባለቤቱ «እኔ» ወደ ሆነ የጥናት ጥያቄ ለውጡ።