ስለ እንቅርት በሽታና አዮዲን ስለሚባለው ማዕድን

እንቅርት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አዮዲን የሚባለው ማዕድን ከምግብ ሲጐድል ነው። በደጋ አገራችን ብዙ ዘመን የዘነመው ዝናም ይህን ማዕድን ከዐፈሩ አጥቦ ስለ ወሰደው፥ እህሉም ሣሩም አዮዲን ያንሰዋል። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ይኸውም ከግራም ሺሕኛ እጅ ያነሰ ነው። ነገር ግን ይህ ጥቂት ነገር ሲታጣ ጕዳቱ በአንገት እብጠት ብቻ አይቀርም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ብታጣው የልጁ አእምሮ ይደክማል፤ በግና ፍየልም ደካማ ወይም የሞተ ግልገል ይወልዳሉ።

መድኃኒቱ አዮዲን የገባበት ጨው ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ይህንኑ ያዛል። ስለዚህ ሹማምንት ሆይ፥ በየገበያው የሚሸጠው ጨው አዮዲን ያለበት መሆኑን መርምሩ፤ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ስለሚያጠፉትም ነጋዴውና ባለቤቱ ከድነው እንዲያስቀምጡት፥ ወጥ ሠሪዋም ወጡ ሊወጣ ሲል እንድትጨምረው አስተምሩ።