ጠመንጃው ላይ 1888 ተጽፎ ካየህ

የድሮ ጠመንጃ ለመሰብሰብ ካሰብክ ከሁሉ በፊት ወረቀቱን ጨርስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ «የአያቴ ነው» ማለት ከፖሊስ ጣጣ አያድንም። መሣሪያው ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልህ፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ተቀምጦ በስልክ ፎቶ ዋጋ የሚጠራ ደላላ «ዓመቱን ራሱ እየው፣ 1888! የአድዋ ነው» ሊልህ ይችላል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አውሮፓዊ ፋብሪካ የመታው በራሱ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁ 1888 በእኛ 1880 ወይም 1881 ነው። በእኛ 1888 የተካሄደው የአድዋ ጦርነት በእነሱ 1896 ነው። ከጦርነቱ በፊት መሠራቱ እዚያ መዋሉን አያረጋግጥም፤ ለዚህ የቤተሰብ ታሪክ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ሰነድ ያስፈልግሃል።

ችግሩ የአቆጣጠር ልዩነት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ውጅግራን ውሰድ። ይህ «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጎኑ ላይ «ሞዴል 1874» የሚል አለበት፤ እሱ ንድፉ የጸደቀበት ዓመት ነው። የተሠራበት ዓመት ለብቻው ቱቦው ላይ ተመትቷል። ሁለቱን ለይተህ ጻፍ! አንበሳ ያለበትን የቤልጅጉን ኤፍ ኤን ሞዘርም የምኒልክ ነው የሚሉህ አሉ። ለኢትዮጵያ የተሠራው በ1930ዎቹ እንደ ፈረንጅ ነው፤ ከአድዋ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ።

ሬሚንግተን ካገኘህ የዓረብኛ ቁጥር ፈልግ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ብዙ ሬሚንግተን ከግብፅ ጦር ተማርኳል። የጣሊያኑ ቬተርሊ ደግሞ ቶሪኖ፣ ብሬሻ ወይም ተርኒ የሚል የፋብሪካ ከተማ ይዞ ይገኛል። ለሽጉጥም ያው ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት የሜክሲኮው ኦብሬጎን ከሩቅ ሲያዩት ኮልት ነው፤ የሚለየው ጎኑ ላይ ባለው ስሙና «11.35 ሚሜ» በሚለው ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ካልታየህ አደራ፣ የአሸዋ ወረቀት አታስነካው! ዝገቱን ስትፍቅ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ስስ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ ቀስ ብለህ አሻሸው። እኔ ግን የስልክ መብራት ከጎን አብርቶ ፎቶ ማንሳትን እመርጣለሁ፤ በዓይን የጠፋ ፊደል ጥላው ውስጥ ይወጣል። ሰደፉና ብረቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልገጠሙ ከሁለት መሣሪያ የተገጣጠመ ሊሆን ስለሚችል ዋጋውን አስቀንስ።

ከውጭ የመጣ ዘመድ «ለማስታወሻ ልውሰደው» ቢልህ እሺ አትበል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቦሌ አየር ማረፊያ ከመድረሱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ፤ ካልሆነም ያነሳኸውን ፎቶ ስጠው።