የሲፓፕ ማስክና የአየር ግፊት አመራረጥ፦ ከአባቴ የተማርኩት

የሪስፓይራቶሪ ቴራፒ፣ ማለትም የመተንፈሻ አካላት ሕክምና፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዛሬ የማካፍላችሁን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት በክፍል ውስጥ ቢሆንም በትክክል የገባኝ ግን በወላጆቼ መኝታ ቤት ነው። ታሪኩን እንድጽፍ አባቴ ፈቅዶልኛል። "ስሜን ብቻ አትጥሪ እንጂ ሌላውን ንገሪያቸው፤ የሚጠቀም ሰው አይጠፋም" ብሎኛል።

አባቴ በሰሜን ቨርጂኒያ የሌሊት ታክሲ ይነዳል። ማንኮራፋቱ በቤታችን የታወቀ ቀልድ ነበር። እማዬም "የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው፣ ተዉት" ትል ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ተሳፋሪ እንደጫነ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። የቀሰቀሰው ከኋላው የነበረው መኪና ጥሩምባ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ያን ዕለት ሐኪም ቤት ለመሄድ እሺ አለ። ተመረመረ፣ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለበት ታወቀ፣ ሲፓፕ የተባለው መሣሪያም ከነማስኩ በፖስታ መጣለት።

ከ50 ቀን በኋላ እቤት ስሄድ መሣሪያው በቦርሳው ውስጥ አልጋ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

"ያፍነኛል ልጄ" አለኝ። "አየሩ በዝቶብኛል። አንቺ የምትማሪው ይኼንኑ አይደል? ግፊቱን ቀንሺልኝ።"

ጊዜ አልነበረንም። የሜዲኬር ደንብ መሣሪያውን መክፈሉን የሚቀጥለው፣ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ ባሉ ተከታታይ 30 ቀናት፣ ታካሚው ቢያንስ በ70 በመቶው ሌሊት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲጠቀም ነው። ብዙ የግል ኢንሹራንሶችም ይህንኑ መለኪያ ይከተላሉ፤ የአባቴም እንደዚያው ነበር። የቀረን 40 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ 21 የተሟሉ ሌሊቶች ካልተመዘገቡ መሣሪያው ይመለሳል፣ አባቴም እንደ ድሮው መሪ ይጨብጣል።

ግፊቱን አልቀነስኩለትም። ለምን እንዳልቀነስኩና በምትኩ ምን እንዳደረግን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በሽታው ምንድን ነው?

እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ ምላስና ለስላሳው የጉሮሮ ክፍል ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። የረጠበ ስስ ፌስታል ግራና ቀኙ እንደሚጣበቅ አስቡት። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። በመጨረሻ አንጎል ደንግጦ ለቅጽበት ይነቃል፤ ሰውየው ያጓራል፣ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው እንዳልተኛ ሰው መድከሙን ብቻ ነው።

ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የሚቆይ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም በጣም ማነስ እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል። በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚደርስ የሚያሳየው ቁጥር ኤ ኤች አይ ይባላል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። የአባቴ 41 ነበር።

በ1981 የአውስትራሊያው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት በመስጠት ጉሮሮው እንዳይዘጋ ማድረግ እንደሚቻል አሳተሙ። የዛሬው ሲፓፕ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ብዙ ወላጆቻችን "ኦክስጅን ታዘዘልኝ" ይላሉ፤ ሲፓፕ ግን ኦክስጅን አይጨምርም። የክፍሉን አየር በትንሹ ገፍቶ ያስገባል፣ ያ ግፊትም የተጣበቀውን ፌስታል ከፍቶ ይይዘዋል።

መጀመሪያ ማስኩ

ታካሚ "ግፊቱ በዛብኝ" ሲል መጀመሪያ መታየት ያለበት ማስኩ ነው። ማስክ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ናዛል ፒሎው ነው። ሁለት ትንንሽ ሲሊኮኖች በቀጥታ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ላይ ያርፋሉ። በጣም ቀላል ነው፣ ዓይን አይጋርድም፣ መነጽር አድርጎ ለማንበብ ይመቻል፣ ጢም ላለውም ሰው ይስማማል። ጉዳቱ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል የአፍንጫን ቀዳዳ ሊያደርቅና ሊያቆስል ይችላል።

ሁለተኛው አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው ናዛል ማስክ ነው። ግፊቱን ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚያከፋፍል ከፍ ላለ ግፊትም ይመቻል፤ በጎን ለሚተኙም ጥሩ ነው።

ሦስተኛው አፍንጫና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ፉል ፌስ ነው። አፍንጫው በሕክምናም ሊከፈት ላልቻለ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ትልቅ ስለሆነ አየር የሚያመልጥበት ዙሪያው ብዙ ነው፤ ማሰሪያው አገጭንና ምላስን ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል። ሪዝና ጺም ሲኖር ደግሞ ሲሊኮኑ ቆዳ ላይ አይገጥምም። ማስመለስ ለሚያስቸግረው ወይም ማስኩን በራሱ ማውለቅ ለማይችል ሰው አደገኛ ነው። በ2019 የወጣው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያ በጥቅሉ በአፍንጫ የሚገቡትን ዓይነቶች እንድናስቀድም ይመክራል።

ለአባቴ የተላከለት ፉል ፌስ ነበር፣ ያውም ትልቁ ቁጥር። አባቴ ሪዝ አለው። "ለምን ይኼን መረጡልህ?" ስለው "በአፍ ነው የምተነፍሰው ብያቸው" አለኝ። በአፉ የሚተነፍሰው ለምንድን ነው? አፍንጫው ስለሚዘጋ። ለምን ይዘጋል? አለርጂ ስላለበት፣ ለዓመታትም ስላልታከመ። ሐኪሙ የአፍንጫ ስፕሬይ አዘዘለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አፍንጫው ሲከፈት አፉን ዘግቶ መተኛት ቻለ። አስቀድመን ለመሣሪያው አከራይ ደውለን ስለነበር ማስኩን በመካከለኛ ቁጥር ናዛል ማስክ ቀየሩልን። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ማስክ ያለ ክፍያ የሚቀይሩ አሉ፤ እኛ ግን ያ ጊዜ አልፎብን ለምነን ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዳንድ ማስኮች ማሰሪያቸው ማግኔት አለው። ፔስሜከር ወይም ሌላ በሰውነት ውስጥ የተተከለ የብረት ወይም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለበት ሰው፣ አብሮት የሚተኛውም ጭምር፣ ማግኔት የሌለውን ይጠይቅ።

ማስክ የሚለካው ተኝቶ ነው

አባቴ ማስኩን የሚያስረው ቆሞ፣ መስታወት ፊት፣ መሣሪያው ሳይነሣ ነበር። ሰው ሲጋደም ግን የፊቱ ቆዳና ሥጋ ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ አልጋው ላይ አስተኛሁት፣ መሣሪያውን አስነሣሁ፣ ማሰሪያውን አላላሁ፣ ከዚያ ማስኩን ከፊቱ ትንሽ አንሥቼ መልሼ አሳረፍኩት። ሲሊኮኑ በአየር ተነፍቶ በራሱ ቦታውን ይይዛል። ማሰሪያው የሚጠብቀው አየር ማምለጡ እስኪቆም ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ይጨማደድና ይበልጥ ያፈሳል፣ የአፍንጫን ድልድይም ያቆስላል።

የፊት ወዝም ሲሊኮኑን ያንሸራትታል። ማታ ፊትን መታጠብ፣ ጠዋት ሲሊኮኑን በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ቅባትን ማስኩ ከሚያርፍበት ቦታ ማራቅ ይረዳል። ሹሩባ የተሠሩ እናቶች ማሰሪያው እየተንሸራተተ ካስቸገራቸው ሻሻቸውን መጀመሪያ አስረው ማሰሪያውን ከላይ ቢያደርጉ ይሻላል። ሹሩባው ሲፈታ ወይም ሲሠራ ማሰሪያው እንደገና መለካት አለበት።

መታፈን ለሚሰማው ሰው ማስኩን ቀን ላይ መለማመድ ጥሩ ነው። አባቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዜና ሲያይ ለግማሽ ሰዓት ያደርገው ነበር። ታናሽ ወንድሜ "አባዬ አውሮፕላን ሊያበር ነው" እያለ ይስቅበታል፤ አባቴም ይስቃል። ፍርሃቱ የለቀቀው በዚያ ሳምንት ነው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

መሣሪያው በየሌሊቱ ይመዘግባል። ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የተጠቀሙበት ሰዓት፣ ያመለጠው አየር መጠን፣ የቀረው ኤ ኤች አይ። የአባቴ የቀድሞ ምዝገባ በአማካይ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ያመለጠ አየር በደቂቃ 47 ሊትር፣ ኤ ኤች አይ 14 ይል ነበር። የአባቴ መሣሪያ የሬስሜድ ሥሪት ነው፤ በእነዚህ መሣሪያዎች ከ24 ሊትር በላይ ሲሆን ብዙ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሌሎች ኩባንያዎች በሌላ መንገድ ስለሚለኩ ቁጥሩን ከጓደኛችሁ መሣሪያ ጋር አታወዳድሩ።

አየሩ በጎን ሲያመልጥ ጉሮሮው የሚገባውን ግፊት አያገኝም፣ ስለዚህ ይዘጋል። በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ መዘጋቱን አይቶ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ማስኩ ይነሣል፣ ይበልጥ ያፈሳል። አባቴ "አየሩ በዛብኝ" ያለው እውነቱን ነው። ምክንያቱ ግን ፊቱ ላይ ያለው ክፍተት ነበር። ናዛል ማስኩን በጀመረ በአምስተኛው ሌሊት ያመለጠው አየር ወደ 11 ሊትር፣ ኤ ኤች አይ ወደ 7 ወረደ። በግፊቱ ቁጥር ላይ ምንም አልነካንም።

ከዚያ በኋላ ግፊቱ

ግፊት የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። በስትሮው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንፉ፤ የስትሮው ጫፍ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ የመጀመሪያዋን አረፋ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ግፊት 10 ነው። የሲፓፕ መሣሪያዎች በአብዛኛው ከ4 እስከ 20 ይሠራሉ። በሽታው የከፋበት ሰው የግድ ከፍተኛ ግፊት ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ ኤ ኤች አይ 60 ሆኖ በ8 የሚከፈት ጉሮሮ አለ።

አንዳንዱ መሣሪያ በአንድ ቁጥር ይቆማል፣ ሌላው በሁለት ቁጥሮች መካከል በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። የአባቴ ከ4 እስከ 20 ተደርጎ ነበር የመጣው፣ ማለትም ለእሱ ሳይለካ ሰፊው በር ተከፍቶለት። 4 ለብዙ አዋቂዎች ያንሳል። ማስክ አድርጎ በቂ አየር የማያገኝ ሰው ደግሞ "ታፈንኩ" ነው የሚለው።

ምዝገባውን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ከሌሊቱ 95 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ግፊቱ ከ11 አያልፍም ነበር። ሐኪሙ ይህን አይቶ ዝቅተኛውን ወደ 7 አነሣው፣ ከፍተኛውን ወደ 14 አወረደው። ወደ ውጭ ስንተነፍስ ግፊቱን በጥቂቱ የሚቀንሰውን ማስተካከያም ከፈተለት። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ደወለልኝ።

"ትናንት ግፊቱን ቀነስሽልኝ አይደል? በደንብ ተነፈስኩ።"

የተደረገው ተቃራኒው ነበር። መነሻው ከ4 ወደ 7 ነው የጨመረው። በዚያ ቀን አልጋ ሥር ካገኘሁት መሣሪያ ላይ "እሺ አባዬ" ብዬ ቁጥሩን ብቀንስለት ኖሮ ይበልጥ ይታፈን ነበር።

እንቅልፍ እስኪወስድ ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያሳድገውን ራምፕ፣ የእርጥበቱን መጠንና የቱቦውን ሙቀት ታካሚው ራሱ ሊሞክር ይችላል። ለውሃ መያዣው ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሙ። ዋናው ግፊት ግን የሐኪም ትእዛዝ ነው። አሁንም ማንኮራፋት ካለ፣ ወይም ማስኩ ሳያፈስ ኤ ኤች አይ ከ5 በላይ ከቆየ፣ ግፊቱ አንሶ ሊሆን ይችላል። ሆድ በአየር ከተነፋና ግሳት ከበዛ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ፦ ጉሮሮው ክፍት ሆኖ አንጎል "ተንፍስ" የሚለውን ትእዛዝ የሚያቋርጥበት ዓይነት። መሣሪያው ይህን ለይቶ ይቆጥራል፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ግፊት መጨመር ሊያባብሰው ይችላል። በቤት ውስጥ በግምት ቁጥር መቀየር የሌለብን ለዚህ ነው።

ክረምት ላይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ መሣሪያውን ለሻንጣ አትስጡት፤ በአሜሪካ አየር መንገዶች የሕክምና መሣሪያ ከእጅ ሻንጣ አይቆጠርም። አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሶኬት ማቀያየሪያ ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከፍታውን በራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የቆዩት ግን በእጅ መስተካከል ሊኖርባቸው ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊትም ባትሪ ያዙ።

አባቴ 21ኛውን ሌሊት የሞላው ጊዜው ሊያልቅ 4 ቀን ሲቀረው ነው። መሣሪያው ቀረለት። አሁን በአማካይ 6 ሰዓት ይጠቀማል፣ ኤ ኤች አይው 2.6 ነው። እማዬ በመጀመሪያው ሳምንት ዝምታው ይቀሰቅሳት ነበር፤ እየተነፈሰ መሆኑን ለማረጋገጥ እጇን ደረቱ ላይ ታደርግ እንደነበር ነገረችኝ።

ለበዓል ወደ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር አድርጉ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን "ያ መሣሪያ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አልጋ ሥር ከሆነ አውጡት፣ አስተኝታችሁ ማስኩን ለኩ፣ የሚያፈሰውን አየር ተመልከቱ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ሐኪሙ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ለማስተርጎም ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም ሂዱ። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ናሙና ማስኮች ይዤ እመጣለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እዚያ እንገናኝ።